ሰፊዋና አረንጓዴው ዱቄት

ሰፈሩ በሙሉ ሰፊዋ ብሎ ነው የሚጠራት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያወጣው ሰው ግን አወቀበት። «ፊ»ን ላላ አድርጎ የጠራት ሙያዋን መጥራቱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ናትና። ጠበቅ አድርጎ የጠራት ደግሞ ወገቧንና ትከሻዋን፣ በር ስትገባ ጎኗን አዙራ የምታሳልፈውን ያን ግርማ ሞገስ ያለው ሰውነቷን መጥራቱ ነው። እሷ ለሁለቱም «አቤት!» ትላለች። አንድ ጊዜ አንድ ጨርቅ ነጋዴ በስልክ ሲያናግራት አፉን አዳልጦት ጠበቅ አድርጎ ጠራትና ደነገጠ። ይቅርታ ሊጠይቅ ሲንተባተብ፣ «ምን ያስደነግጥሃል ወንድሜ? ሁለቱም የኔ ነው። አንዱን ተምሬ፣ አንዱን በልቼ ነው ያገኘሁት» አለችው።

ሱቋ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር ሁለት የስፌት መኪና፣ መሃል ላይ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለ መለኪያ ቦታና አንድ ትልቅ መስታወት አለ። መስታወቱን በትእዛዝ ነው ያሠራችው። በሌላው ሱቅ ያለው መስታወት ለቀጭን ሰው የተሠራ ነው፤ ወፍራም ሰው ሲቆምበት ግማሽ ጎኑ ውጭ ይቀራል። እሷ ዘንድ የመጣ ግን ራሱን ሙሉ በሙሉ ያያል። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ተሰቅሎ ከሚሸጥ ልብስ ልካቸውን አጥተው የተሰላቹ ሴቶች ናቸው። ስትለካቸው ቁጥሩን ጮክ ብላ አትናገርም፤ በልቧ ይዛ ወደ ጠረጴዛው ትሄዳለች። «ወፈርኩ መሰለኝ እትዬ» ላለቻት ሁሉ «አልወፈርሽም፣ ጨርቁ ነው ያነሰው» ትላታለች። ይህን ሲሰሙ የማይስቁ ጥቂት ናቸው።

ስለ ውፍረቷ አፍራ አታውቅም። ልጅ ሆና ሸንቃጣ ነበረች። ከዚያ ሁለት ልጆች መጡ፤ ከልጆቹ ጋር ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተቀምጦ መዋሉ፣ ከሻዩ ጋር ጣፋጭ ዳቦ መቆራረሱ መጣ። «ልጆቹ አድገው፣ ሥራ ይዘው ከቤት ወጡ። ውፍረቱ ግን ቤቱን ወደደው» ትላለች።

ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅምና ቃል የሚቆጥብ ሰው። መኖሪያቸው እዚያው ሕንፃ ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ ነው። የሕንፃው ሊፍት የተበላሸ ቀን ሰፊዋ ደረጃውን ቀና ብላ አይታ ትመለስና ባሏ እስኪመጣ ሱቋ ውስጥ ሥራዋን ትቀጥላለች። ጎረቤቶች ሲስቁባት፣ «ሊፍት ጠጋኝ ያገባሁት ታዲያ ለምን መሰላችሁ?» ትላቸዋለች።

ነገሩ በውሃ ጥም ጀመረ። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ድሮ መቀስና ጠመኔ ብቻ ይቀመጥ የነበረበት ቦታ አሁን ጆግ ተቀመጠበት። ትጠጣለች፤ ወዲያው ሽንት ቤት ትሄዳለች፤ ተመልሳ ደግሞ ትጠጣለች። ጨርቅ አጋምሳ ስትቆርጥ መቀሱን ጥላ የምትሮጥበት ቀን በዛ። እሷ ግን ሙቀቱ ነው አለች። ቀጥሎ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋባት። ከሰው ጋር እያወራች፣ ሳታይ፣ በጣቷ ዳሰሳ ብቻ ክር የምታስገባ ሴት መርፌውን ቀረብ ራቅ፣ ክሩን ላስ ላስ አደረገች። አሁንም እንቢ አላት።

«ክሩ ነው የበሰበሰው» ብላ ወረወረችው።

ባሏ ከሥራ መልስ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር። ክሩን ከመሬት አነሳና በሁለት እጁ ጎተተው። አልተበጠሰም።

«ክሩ ደህና ነው» አለ። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ነገ ሥራ አለብኝ።»

«እኔም አለብኝ። እንሄዳለን።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኟት ሐኪም ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ከሰፊዋ ጣት ላይ ደም ወሰደች፣ መዘነቻት፣ ወገቧን በሜትር ለካቻት። ሰፊዋ ሜትሩን ስታይ ሙያዋ አልለቃት ብሎ፣ «ዶክተር፣ ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢው፤ እዚያ ላይ ወገብ አይደለም» አለቻት። ሐኪሟ ስቃ አስተካከለች።

ውጤቱ ሲመጣ፣ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል እናቴ» አለቻት። «መቆጣጠር የሚቻል ነገር ነው፣ አይደንግጡ። ሆድ አካባቢ የተጠራቀመው ስብ ሰውነትዎ ኢንሱሊንን እንዳይሰማ አድርጎታል። ኢንሱሊኑ አለ፤ ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት አስገባ ብሎ ያዛል፤ የሚሰማው ግን አጣ።»

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። «ቁልፉ ይጫናል፣ በሩ አይከፈትም» አለ።

«ልክ እንደሱ!» አለች ሐኪሟ።

ጠዋትና ማታ የምትውጠው ክኒን አዘዘችላት። ጣፋጩን ይተዉ፣ ዳቦውን ይቀንሱ፣ በየቀኑ ይራመዱ አለቻት። ቤት ሆና ጣቷን እየወጋች የምታይበት መለኪያ እንድትገዛ መከረቻት። ሌላ የምትወስደው መድኃኒት ወይም ቅጠላ ቅጠል እንዳለም ጠየቀቻት። በዚያን ቀን ስላልነበረ «የለም» አለች፤ እውነቷን ነው። ስትወጣም አላዘነችም። ሥራ እንደተሰጠው ሰው ነበር የተሰማት። «በቃ፣ ልክ ተወስዷል፤ የቀረው መቁረጥ ነው» አለችው ባሏን። እሱ ግን ሕንፃው በር ላይ ሲደርሱ ሊፍቱን አልፎ ወደ ደረጃው መራት።

«አንተ ሰውዬ! በገዛ ሙያህ ላይ?» ብላ ጮኸች። ግን ወጣች። በየፎቁ እያረፈች፣ እየረገመችው ወጣች።

ስኳሩ መውረድ ጀመረ፤ አወራረዱ ግን የቀንድ አውጣ ነው። ሰፊዋ ደግሞ ጠዋት የተቆረጠ ቀሚስ ከሰዓት በኋላ ተሰፍቶ ማየት የለመደች ሴት ናት። ይህን ጊዜ ነው የባሏ ታላቅ እህት የመጣችው።

እሷን ሰው እመ ቅጠል ይላታል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቅጠል፣ ሥር፣ ቅርፊትና ፍሬ ስትሸጥ ዕድሜዋን የጨረሰች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አሽትታ ብቻ የትኛው ቅጠል እንደሆነ የምትነግርህ ሴት ናት። የወንድሟ ሚስት አያት ልትሆን ስትቃረብ እንኳ አሁንም «ሙሽራዬ» ነው የምትላት።

«ሙሽራዬ፣ ክኒን ብቻ ይዘሽ ትቀመጫለሽ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» እያለች ከቦርሳዋ አረንጓዴ ዱቄት የሞላ ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ምን ምን አለው፣ እታለም?»

«አብሽ አለው፣ ቀረፋ አለው፣ ሽፈራው አለው።»

«ሽፈራው? ወንድምሽ ሳያውቅ?»

«ቅጠሉን ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ባለጌ!» እመ ቅጠል እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠሽ። ስንት ሰው ተነስቶበታል መሰለሽ።»

ሰፊዋ አመነቻት። ለምን አታምናትም? ልጆቿ ሲያስሉ ያሻለቻቸው፣ ሆዷን ሲነፋት የደረሰችላት እመ ቅጠል ናት። ለሐኪሟ ልንገር የሚለው ሐሳብም ሽው አላለባትም፤ ቅጠል በእሷ ቤት መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነው። ክኒኑን እንደታዘዘው እየዋጠች ዱቄቱን ጨመረችበት።

ዱቄቱ ሠራ። መሥራት ብቻ አይደለም፣ ተአምር አሳየ። መለኪያው ላይ የሚወጣው ቁጥር በየሳምንቱ ወደታች ተንደረደረ። ሰፊዋ ክንፍ አወጣች። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ስለ ዱቄቱ ትተርካለች። ስኳር ያለበትም፣ ሆዱን መቀነስ የፈለገም ወደ እመ ቅጠል ሱቅ ጎረፈ። ከሁሉ ቀድማ የገዛችው ከመንገዱ ማዶ ያለችው ኬክ ጋጋሪ ነበረች፤ ስኳር ከያዛት ዓመታት ያለፏት፣ ሐኪም ከምታይ ጥርሷን ብትነቀል የምትመርጥ ሴት።

እርግጥ አንዳንድ ነገር ነበር። ምሳ ሳይደርስ ረሃብ አንጀቷን ይቆርጣታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ላይ ተቀምጣ ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። «ዕድሜ ነው» አለች። ባሏ ግን ሰሞኑን ሥራ ከመሄዱ በፊት ቁርስ መብላቷን ቆሞ ማየት ጀምሮ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ኬሚስት ደንበኛዋ ለጉባኤ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትለካ መጣች። ይህች ሴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኝ ቤተ ሙከራ ትሠራለች፤ ሥራዋ ተክል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር አንድ በአንድ ነጥሎ ማወቅ ነው። እሷም ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው፤ ከሰፊዋ መስታወት ፊት መቆም ትወዳለች። ቀሚሱ ገና በወፍራም ክር ተወስውሶ ነበር የተያያዘው። ሰፊዋ ተንበርክካ ጫፉን በስፒል ስትይዝ ኬሚስቷ ድንገት «አይ!» ብላ ዘለለች። ስፒሉ ባቷ ውስጥ ገብቷል።

ሰፊዋ ሰው ወግታ አታውቅም። ኬሚስቷ ዞር ብላ ስታያት ፊቷ ዝናብ የመታው መስሏል፤ ከንፈሯ ነጥቷል።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«እጅጌው... እጅጌውን ወንበሩ ላይ ስፊው» አለች ሰፊዋ። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው።

ኬሚስቷ በብብቷ ደግፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈቻት። «ስኳር አለብሽ እንዴ?»

«አለ... መደርደሪያው ላይ አለ፣ ከሻዩ ጎን» አለች ሰፊዋ።

የተጠየቀችው በሽታውን ነው፤ የመለሰችው ስለ ዕቃው ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም። ኬሚስቷ የስኳሩን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ከጆጉ ውሃ ቀድታ፣ አወፍራ በጥብጣ ጥቂት በጥቂት አጠጣቻት። ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን መለኪያ አንስታ ጣቷን ወጋች። ቁጥሩን ስታይ ደነገጠች፤ ያን ያህል ዝቅ ያለ በሰው ላይ አይታ አታውቅም። እንደገና አጠጣቻት። ትንሽ ቆይቶ የሰፊዋ ከንፈር ቀለም ያዘ። ዓይኗ ተመለሰ። መጀመሪያ ያየችው በተወሰወሰ ቀሚስ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ደንበኛዋን ነው።

«ተነሺ፣ ስፌቱን ትተረትሪዋለሽ!» አለች።

ኬሚስቷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ለባልየው ደወለችለት። ሦስቱ ተያይዘው ሐኪሟ ዘንድ ሄዱ።

ሐኪሟ የሆነውን ሰምታ፣ ሰፊዋን መርምራ ስታበቃ፣ «ከክኒኑ ሌላ የጨመሩት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች። ሰፊዋ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። «ይሄንን ነው። ቅጠል ነው፣ ዶክተር። የባሌ እህት ናት የሰጠችኝ።»

ሐኪሟ ብልቃጡን በብርሃን አየችው። አላሾፈችም፣ አልተቆጣችም። «ቅጠል ስለሆነ አይሠራም አልልም» አለች። «እንዲያውም ቅጠል ስለሚሠራ ነው ማወቅ ያለብኝ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እኔ የሰጠሁዎት ክኒን ብቻውን ስኳርን እንዲህ አይጥልም። አብሽም ሆነ ሽፈራው ቢያግዝ ትንሽ ነው የሚያግዘው። ሁለቱ ተደምረው እንኳ ሰው መሬት ላይ አይጥሉም።»

«እኔም መንገድ ላይ እሱን እያሰብኩ ነበር» አለች ኬሚስቷ። «ለእኔ ስጡኝ፤ ቤተ ሙከራ ወስጄ ልየው።»

ሐኪሟ ከብልቃጡ ግማሹን አስቀርታ ግማሹን ሰጠቻት። ሰፊዋ ዱቄቱን እንድታቆም፣ ክኒኗን እንድትቀጥል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ እንድትይዝ ነገረቻት። «ስኳርን ፈርቼ ከረሜላ ልያዝ?» አለች ሰፊዋ። «ለክፉ ቀን» አለቻት ሐኪሟ።

ኬሚስቷ በሳምንቱ ተመለሰች። ቀሚሷን አልጠየቀችም፤ ወንበር ስባ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«ቅጠሉ ቅጠል ነው፣ እትዬ። አብሹም እውነተኛ አብሽ ነው። ግን አብሮ የተፈጨ ክኒን አለበት። የስኳር መድኃኒት ነው፤ ቆሽትን አስገድዶ ኢንሱሊን የሚያስረጭ ዓይነት። በደንብ እንኳ አልተቀላቀለም፤ አንዱ ማንኪያ ላይ ጥቂት አለ፣ ሌላው ላይ ብዙ።»

ሰፊዋ እጇን መኪናው ላይ እንዳደረገች ቀረች። የደነገጠችው ስለ ራሷ አልነበረም። ዓይኗ መስኮቱን አልፎ መንገዱ ማዶ ሄደ። «ለስንት ሰው ነው አፌን ሞልቼ የነገርኩት!» አለች። ተነሳች። ሱቁን ዘጋች። ባሏን ከሥራው ጠርታ ወደ መናኸሪያው ጀርባ ይዛው ሄደች።

እመ ቅጠል ነገሩን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔን? እኔን ነው መርዝ ሸጠች የምትዪኝ? ልጆችሽን ያሻልኩልሽን?»

«መርዝ አላልኩም፣ እታለም። ክኒን አለበት ነው ያልኩሽ።»

«ሐኪሞቹ ናቸው! እኛ ገበያቸውን ስለነካንባቸው ነው!»

«ሐኪሞቹ ብልቃጡ ውስጥ አልገቡም። እኔ ነኝ የወደቅኩት።»

ሁለቱ ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ሰው በሩ ላይ ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ይህን ጊዜ ነው ባልየው የተናገረው። ለእሱ ረጅም ንግግር ነበር።

«አንቺ እህቴ ነሽ። እሷ ሚስቴ ናት። ሁለታችሁም ዋሽታችሁ አታውቁም። እንግዲህ የዋሸው ሌላ ነው፤ እሱን ፈልጉት።»

እመ ቅጠል ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም አወጣችው። ዱቄቱን ድሮ ራሷ ነበር የምትፈጨው። ክንዷ ደከመ፣ መፍጫዋም ተበላሸ። አንድ ነጋዴ «እናቴ፣ ለምን ይደክሙ፤ ተፈጭቶ የተቀመመ አለኝ» ብሎ መጣ። ምላሱ ቅቤ ነው። ሰዎች ከበፊቱ ይሄኛው ይሻላል እያሉ ሲመለሱ ደስ አላት። ለምን እንደተሻለ አልጠየቀችም። «በአፍንጫዬ የማውቀውን ነገር፣ ተፈጭቶ ሲመጣ አፍንጫዬ አታለለኝ» አለችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሰፊዋ ትከሻዋን ያዘቻት። «ልቅሶው ይቆየን። ለማን ለማን ሸጥሽው? ተነሺ፣ እንሂድ።»

እመ ቅጠል የገዢዎቿን ፊት አትረሳም፤ ሰፊዋም እሷ የላከቻቸውን ታውቃለች። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ፣ ላላገኙት ደወሉለት። ሰፊዋ በየደጁ ያንኑ ነው የምትለው፤ «እኔ ነኝ ግዙት ያልኳችሁ፣ እኔው ነኝ ጣሉት የምላችሁ።» አንዳንዱ አመሰገነ፣ አንዳንዱ አኮረፈ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ከእንዲህ ያለ ጥሩ ዱቄት እንደማይለያይ ተናግሮ በሩን ዘጋባት። እሷም እስኪከፍት ድረስ አንኳኳች። ሰፊዋ ስታንኳኳ ደግሞ በር ብዙ አይቋቋማትም።

መጀመሪያ የሄዱት ኬክ ቤቱ ነበር። ኬክ ጋጋሪዋን ባንኮኒው ጀርባ፣ በክሬም ባጌጠ ባለ ሁለት ደርብ ኬክ አጠገብ፣ ራሷን በክንዷ ላይ አጋድማ አገኟት። ደክሟት እንዳሸለበች ነበር ለሰው የመሰለው። ሰፊዋ ግን አንገቷ ላይ ያለውን ላብ ስታይ አወቀችው። ያ ሁሉ ስኳር ከቧት ተቀምጦ እሷ ከስኳር እጥረት ልትጠፋ ነው! ሰፊዋ ያለምንም ማቅማማት ጣቷን ኬኩ ውስጥ ነክራ ክሬሙን ድዷ ላይ ቀባችላት። ነቃ ስትል ጭማቂ አጠጧት። በኋላ እንደታወቀው የሐኪም ክኒኗን ጭራሽ ትታ ዱቄቱን በእጥፍ ትወስድ ነበር። ነፍሷ ሲመለስ የተቦደሰውን ኬክ አየችና፣ «ይሄ የደንበኛ ነው! ማነው የነካው?» አለች። በዚያው ቀን፣ እያጉረመረመችም ቢሆን፣ ሐኪሟ ፊት ቀረበች።

ሐኪሟ ጉዳዩን ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች አሳወቀች። ሲመጡ እመ ቅጠል በሩን ራሷ ከፈተችላቸው፤ የነጋዴውን ስልክ ሰጠች፣ ብልቃጦቹን አንድ ሳታስቀር አስረከበች። የነጋዴው መጋዘን ተገኝቶ ታሸገ። እሱ ግን ስልኩን ዘግቶ እንደ ጉም በነነ፤ ዛሬም ድረስ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰፊዋ ይህ ነገር ያንገበግባታል። በሐሳቧ ስንት ጊዜ ይዛ በመርፌ ጠቅጥቃዋለች።

እመ ቅጠል ሱቋን ዘግታ ሰነበተች። ሰው አማት፤ ያማት ሰው ደግሞ ያሻለችው ሰው ነበር። በመጨረሻ ሰፊዋና ባሏ ሄደው ከፈቱላት። ባልየው የተበላሸውን መፍጫ ፈታትቶ ጠገነው፤ መፍጫውንም ባንኮኒው ላይ፣ ገዢ ሁሉ በሚያየው ቦታ አቆመው። አሁን እመ ቅጠል ተፈጭቶ የመጣ ነገር አትቀበልም። ፍሬውን በፍሬነቱ፣ ቅጠሉን በቅጠልነቱ ታሳይሃለች፤ ከፈለግህ ዓይንህ እያየ ትፈጭልሃለች። ስኳር አለብኝ ላላት ሁሉም መጀመሪያ የምትጠይቀው «ሐኪምህ ያውቃል?» ብላ ነው።

ሰፊዋን ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አላት። ኬሚስቷ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣ ጠየቀቻት። «እንግዲህ ንገሪኝ። ቅጠሉ ከንቱ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም» አለች ኬሚስቷ። «አብሽን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ስታሳድሪው ያን የሚያሟልጨውን ነገር አይተሽዋል? እሱ ሆድ ውስጥ ምግቡን ይይዘዋል፤ ስኳሩ ወደ ደም በአንዴ ከሚዘንብ ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርጋል። ሌሎችም ንጥረ ነገሮች አሉት፤ አንዳንዶቹ ኢንሱሊኑን ያግዙታል ብለን እናስባለን፤ ግን በቂ ሰው ላይ ገና አልተሞከረም። ቀረፋውንም አንዱ ጥናት ይጠቅማል ይላል፣ ሌላው አላገኘሁም ይላል። ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ እትዬ። ትንሽ ግን ውሸት አይደለም።»

ይህ መልስ ሰፊዋን አረካት። ሐኪሟን ጠይቃ፣ ሐኪሟም መጠኑን ወስናላት፣ አሁን የተዘፈዘፈ አብሽ ከምግቧ ጋር ትወስዳለች፤ ክኒኗንም አላቋረጠችም፤ ጣቷንም እየወጋች ታያለች። ቁጥሩ የሚወርደው በቀስታ ነው፤ ይወርዳል ግን። ደረጃውን ያለ እረፍት መውጣት የቻለች ቀን አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ወደታች ለጎረቤቱ ሁሉ ጮኸች። ራሷ የሰፋቻቸውን ቀሚሶች ጎናቸውን እያጠበበች ነው፤ ብዙ አይደለም፣ የሁለት ጣት ያህል። ቀጭን እሆናለሁ ብላ አታስብም፣ አትፈልግምም። የመርፌው ቀዳዳ ግን ተመልሷል።

በዚህ ሰሞን የኬሚስቷ ቤተ ሙከራ ከሐኪሞች ጋር ሆኖ ከአብሽ የተወሰደውን ንጥረ ነገር ውፍረትና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሊያጠና ፈቃደኞችን ጠራ። ሰፊዋ ሐኪሟን አማክራ፣ የቤቱን አብሽ ለጥናቱ ስትል ትታ፣ ኬክ ጋጋሪዋን ክንዷን ይዛ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ የጥናቱ ኃላፊ ሲያስረዳ፣ ግማሹ ሰው እውነተኛውን፣ ግማሹ ደግሞ እሱን የሚመስል ባዶ ነገር እንደሚወስድ፣ ለማን የትኛው እንደደረሰው እስከ መጨረሻው እንደማይነገር ተናገረ።

ኬክ ጋጋሪዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ባዶው ቢደርሰኝስ?»

«ቢደርስሽ ይደርስሻል። ቢያንስ ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አለ» አለቻትና ሰፊዋ እጇን አወጣች። ኃላፊው ሲፈቅድላት ተነሳች፤ ድምፅ ማጉያም አላስፈለጋት።

«የተፈጨውን ማን ነው የፈጨው? ከመፈጨቱ በፊትስ ያየው ማን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቀም፤ ወረቀቱን አስቀምጦ ፍሬው ከየት እንደተገዛ፣ ማን እንዳጣራው፣ እያንዳንዱ እሽግ እንዴት እንደተመረመረ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራት ገባ። ሰፊዋ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ሲጨርስ «እሺ፣ ይሄ ደህና ነው» ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያም ደሟን ሊወስዱ ለመጡት ነርስ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች።